ባቡሩን ከመጋላ ሲያዩት

ሂስ ሲባል አንባቢ የሚጠብቀው መጽሐፍ፣ ተውኔት ወይም የሥዕል ዐውደ ርእይ ነው። እኔ በዚህ ወር የምሄሰው ግን ጉብኝት ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ያለውን የአሮጌውን ምድር ባቡር ጣቢያና ወርክሾፕ አይቼ ተመልሻለሁ። ጉብኝትም እንደ ድርሰት ነው፤ መግቢያ አለው፣ ታሪክ አለው፣ ገጸ ባሕርያት አሉት፣ ዘሎት የሚያልፈውም ነገር አለው። ድርሰትን በተናገረው ብቻ ሳይሆን በዘለለውም መመዘን የሐያሲ ወግ ከሆነ፣ ጉብኝትን በዚያው ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነውር አይመስለኝም።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ ዳኛ አይደለሁም። ለጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬ የተከፈለው ገንዘብ ከዚያ ሀዲድ ላይ የተገኘ ነው። እንዴት እንደተገኘ ኋላ እመለስበታለሁ።

በዋናው በር

ያስጎበኙኝ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። እንደ አዲስ አበባ ልጅ ወግ “እርስዎ” ብዬ ብጀምር ሳቁብኝ። “አንቺ፣ ድሬ ‘እርስዎ’ የሚባል ነገር የለም። አንተ በዪኝ፣ እንግባባ!” አሉኝ። አፌ እምቢ አለኝ። እዚህም ጽሑፍ ላይ አንቱታዬን ይዤ እቀጥላለሁ፤ እሳቸው ይቅር ይበሉኝ።

መቼም እውነቱን መናገር ያስፈልጋል፤ ወርክሾፑ የሚያስደንቅ ነው። የአያት ዕድሜ ያላቸው ቶርኖዎችና ትራፓኖዎች በየቦታቸው ቆመዋል። ቺንጋ የሚዞርባቸው መዘውሮች ከላይ ተሰቅለዋል። ቅባቱ ግድግዳው ውስጥ ሰርጾ ከመግባቱ የተነሣ ማሽኑ ቢወጣ እንኳ ሽታው የሚወጣ አይመስልም። አስጎብኚዬ በአንዱ ቶርኖ ጀርባ ላይ እጃቸውን ሲያሳርፉ የፈረስ ጀርባ የሚደባብሱ ይመስሉ ነበር። “መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? እዚሁ ቀርጸን እንገጥመው ነበር” አሉኝ። ቡሎኑንም፣ የፍሬኑንም ጫማ፣ ሌላውንም በጣታቸው እየቆጠሩ ዘረዘሩልኝ፤ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በፈረንሳይኛ።

ይህ ተራ ጉራ አይደለም። ከድሬዳዋ ወዲህ ወደ አዲስ አበባ መለስ ብለን እንይ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ39 ጣቢያዎችና በ41 ባቡሮች ነበር የተነሣው። አሥር ዓመት እንኳ ሳይሞላው አብዛኞቹ ባቡሮች በመለዋወጫ እጦት መቆማቸው ተነገረ። የጥንቱን ባቡር ከአሥርተ ዓመታት አሥርተ ዓመታት ያሻገረው፣ ቡሎን ሲጠፋ ቡሎን የሚቀርጽ እጅ አጠገቡ መኖሩ ነው። ስለዚህ ወርክሾፑ ተጠብቆ መቆየቱን አደንቃለሁ። የማደንቀው ግን ለትዝታ ብቻ ብዬ አይደለም። አንድ ከተማ ባቡር ሲገዛ ምን አብሮ መግዛት፣ ማንን አብሮ ማስተማር እንዳለበት እዚያ ወለል ላይ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ቆሞ የቀረው ሀዲድ

ከማሽኑ ቀጥሎ ታሪኩ መጣ። አንባቢ አብዛኛውን ያውቀዋል። በ1886 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሱ አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ። የሐረር ተራራ ለሀዲዱም ለገንዘቡም አልመች ሲል መንገዱ ቆላውን ይዞ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደረሰ። ለአዲሱ ጣቢያ መጀመሪያ የተሰጠው ስም “አዲስ ሐረር” ነበር። ኩባንያው ከሰረ፤ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ፉክክር ተጨመረበት፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ሌላ ኩባንያ ተተካ። ሀዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር።

ታሪኩ ልክ ነው። ነገር ግን ጉብኝቱ “ደረሰ” የምትለዋን ቃል ሲያከብር “ቆመ” የምትለዋን ረገጥ አድርጎ ያልፋታል። እስቲ ቁጥሩን ልብ ብለን እንየው። ባቡሩ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ አንዲት ሀዲድ ወደፊት ሳትነጠፍ ዓመታት አለፉ። ድሬዳዋ የመንገዱ መካከል ሳትሆን የመንገዱ መጨረሻ ሆና ቆየች። ከጅቡቲ የመጣ ዕቃ ሁሉ እዚያ መራገፍ ነበረበት፤ ከደጋ የወረደ ቡናና ቆዳም እዚያው መጫን ነበረበት። ለማራገፍ ተሸካሚ ያስፈልጋል፤ ለማሻገር ግመልና በቅሎ፤ ለማሳደር ቤት፤ ለመደራደር የብዙ ቋንቋ ሰው። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡ፣ አማራው፣ ሕንዱ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ የተገናኙት በዚህ ነው። ከተማዋን የወለዳት የባቡሩ መምጣት ብቻ አልነበረም፤ መቆሙም ነው።

መሐንዲሱ ለራሱና ለሠራተኞቹ ከዚራን ቀየሰ፤ መንገዱን ቀጥ፣ ዛፉን ሰልፍ አድርጎ። ከደቻቱ ማዶ ደግሞ ማንም ያልቀየሰው መጋላ በቀለ። ቃሉ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ከተማ ነው፤ በሐረሪ ቋንቋ ገበያ ነው፤ ሐረር የሄደ ሰው “ፈረስ መጋላ” ሲባል ሰምቷል። ከተማና ገበያ በአንድ ስም! የባቡሩ ሥራ ከዚራ ነበር፤ የባቡሩ ትርጉም ግን መጋላ ነው። ጉብኝቱ ደግሞ ከዚራ ጀምሮ ከዚራ አለቀ። ሂሴም እዚህ ላይ ይጀምራል።

ደቻቱን መሻገር

ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ ሰው ያቋርጠዋል። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ግን ሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው ይዞ ሄዷል። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ይህ ነው፤ ሲያዩት ምንም ያልሆነ፣ ሲቆጣ ግን የሚፈጅ። እኔ የተሻገርኩት በደረቁ፣ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሙቀት ጥላ ፍለጋ በተደበቀበት ሰዓት ነው።

ቀፊራ ገበያ በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ቅስቶቹ ስር ያንቀላፋል። ከዚያ ወደ ውስጥ በሚገባው ቀጭን መንገድ የአክስቴ ቤት አለ። የበረንዳዋን ቆርቆሮ የተሸከመው ምሰሶ የሀዲድ ብረት ነው። ስንት ዓመት ተደግፌው ስጫወት ምን እንደሆነ አላስተዋልኩትም ነበር። የዚያን ቀን ጠዋት ወርክሾፑ ውስጥ ወንድሞቹን አይቼ መጥቼ ነው ያወቅሁት።

አክስቴ ሃያ ዓመት ያህል በባቡር ነግዳለች። ንግዱ ምን እንደነበር ለማንም የድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አያሻም፤ ኮንትሮባንድ ነው። ሽርጥ፣ ሽቶ፣ ሳሙና፣ ፓስታ፣ ሬዲዮ፣ ሰልባጅ። ከድንበር እስከ ድሬ፣ ሲመች ደግሞ እስከ አዲስ አበባ። ወላጆቼ ጋ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ትመጣ ነበር፤ ከቀሚሷ ስር ሌላ ቀሚስ፣ ከዚያም ስር ሌላ ለብሳ። እንደ ሽንኩርት ትላጥ ነበር። የእኔም የትምህርት ቤት ጫማ፣ ኋላም የዲፕሎማ ክፍያዬ ከዚያ ልጣጭ ውስጥ የወጣ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ሕገወጥ ንግድ ጉዳት ዜና እንድንጽፍ ስንታዘዝ እኔም ጽፌያለሁ፤ ጥሩ ነጥብም አግኝቼበታለሁ። አክስቴን ግን አልጠቀስኳትም።

ጣቢያውን ጎብኝቼ መምጣቴን ስነግራት ቡናውን እየቀዳች፣

“እንዴት ነው ውስጡ?” አለችኝ።

“ውስጡ ማለት?”

“የጣቢያው ነዋ! እኔ በዚያ በር ወጥቼ አላውቅም።”

ሃያ ዓመት በባቡር የተመላለሰች ሴት በጣቢያው በር ወጥታ አታውቅም! ምክንያቱ ቀላል ነው። በሩ ላይ ፊናንስ ይቆማል። ስለዚህ ባቡሩ ወደ ከተማው ሲቃረብና ሲዘገይ መጀመሪያ ቦንዳው ይወረወራል፤ ሰፈሩ ውስጥ የሚጠብቅ ልጅ ያነሣዋል፤ ቀጥሎ ባለቦንዳዋ ትወርዳለች። “ትወርዳለች” ስል በደረጃ አይደለም። አክስቴ ግራ ቁርጭምጭሚቷን አሳየችኝ። ከእሷ የባሰባቸውም እንዳሉ ነገረችኝ፤ እግራቸውን ትተው የቀሩ። “እኛ እንኳ ተርፈናል” አለች። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ባቡሩ ገደል ሲገባ 428 ሰው አልቋል። ያን ሳምንት መጋላ ውስጥ ለቅሶ ያልገባበት መንገድ አልነበረም ብላ ዝም አለች። የጠዋቱን ጉብኝት አስታወስኩ፤ የሎኮሞቲቮቹን ዓይነትና የፈረስ ጉልበት ሰምቼ ነበር፤ ይህን ግን እኔም አልጠየቅሁ፣ የነገረኝም የለም።

አንባቢ እንዳይሳሳት፤ ኮንትሮባንድን ለማሞገስ አልመጣሁም። ታክስ ሳይከፈል የገባ ዕቃ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ይገባኛል። የምለው ሌላ ነው። ተጠብቆ የቆየው የጣቢያ በር፣ በላዩ ያለው የፈረንሳይኛ ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍ የምንነሣበት ያ ውብ ፊት፣ ከተሳፋሪው ውስጥ ብዙዎቹ ያልወጡበት በር ነው። በዚያ በር ብቻ ገብተን የምንሰማው ታሪክ ቲኬት ቆራጩ የሚያውቀው ታሪክ ይሆናል። ባቡሩን የቀጠረውና የሾመው ጽሕፈት ቤት በታሪኩ ውስጥ አለ፤ ባቡሩን የሞላው ሰው ግን የለም።

ብረቱና ቃሉ

“ብረቱን ማዳኑ አይበቃም ወይ?” የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ብረት ካልጠበቁት ቁርጥራጭ ሆኖ ይሸጣል፤ የአክስቴ ምሰሶ ምስክር ነው። የአዲስ አበባና የድሬዳዋ መንገደኛ ባቡር በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከቆመ ወዲህ ከአሮጌው መንገድ ብዙው ጠፍቷል። አዲሱ ኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ በራሱ ሰፊ ሀዲድ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ በራሱ ጣቢያ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል የድሬዳዋው ወርክሾፕ መትረፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን ብረት ብቻውን አይናገርም። ፓሪስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተ ኦርሴ የሚባል ታላቅ ጣቢያ አለ። ባቡሮች እየረዘሙ ሲሄዱ መድረኩ አጠራቸው፤ በ39 ዓመቱ የሩቅ አገር ባቡር ማስተናገዱን አቆመ። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ የሥዕል ሙዚየም ሆኖ ተከፈተ። ሕንፃው ድኗል፣ ይመሰገናል፤ የሚገባው ሰው ግን ሥዕል ሊያይ እንጂ ተሳፋሪ ሊያስታውስ አይገባም። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የኤርትራ ነው። የምጽዋና የአስመራ ባቡር መንገድ በጦርነቱ ዘመን ፈራርሶ ሀዲዱ የምሽግ መደገፊያ ሆኖ ነበር። ከነጻነት በኋላ መንገዱን መልሰው ሲሠሩ የተጠሩት ጡረታ የወጡት የባቡር ሠራተኞች ናቸው። ሽማግሌዎቹ መጥተው የቀረውን ብረት ሰብስበው፣ ወጣቱን እያስተማሩ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ባቡሩን አስመራ አስገቡት። እዚያ መጀመሪያ የተፈለገው ብረቱን የሚያውቀው ሰው ነበር፤ ብረቱም በእሱ ተነሣ።

በእኛ አገር ባቡሩን ከሁሉም በላይ ጠብቆ ያቆየው ሙዚየም፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ቋንቋችን ነው። “ባቡር” ከእንፋሎት ስም ጋር የሚዛመድ የባሕር ማዶ ቃል ነው። “ሀዲድ” በዐረብኛ ብረት ማለት ነው። “ፉርጎ” ከአውሮፓ የመጣ ነው። የአዲስ አበባው “ለገሃር” የፈረንሳይኛው “ላ ጋር” ነው፤ ትርጉሙ ጣቢያው። እነዚህን ቃላት ያስገባልን የቃላት ኮሚቴ የለም። ያስገቧቸው ከፈረንሳዊው አለቃ ሰምተው ለዐረቡ ነጋዴ የተረጎሙ፣ ለኦሮሞው ግመል ነጂ የጮኹ፣ በሶማሊኛ የተከራከሩ ተሸካሚዎችና ተሳፋሪዎች ናቸው። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እየተሞረደ አማርኛ ሆነ፤ ልክ ወርክሾፑ ውስጥ እንደሚቀረጸው ቡሎን። ለብረቱ መደርደሪያ ስንሠራ ለእነዚህ አፎች ቦታ ካላገኘን ጉብኝታችን ድምፅ እንደሌለው ፊልም ነው።

ማን ጠየቀ?

በማግሥቱ ወደ አስጎብኚዬ ተመለስኩ። ለነገር ፍለጋ ነበር ብል ይቀለኛል። ስለ ሴቶቹ፣ ስለ ቦንዳው፣ ስለ አዋሹ አደጋ ለምን እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣

“አንቺ መቼ ጠየቅሽኝ?” አሉኝ። “የሚመጣው ሁሉ ስለ ማሽን ነው የሚጠይቀው። ስንት ፈረስ ጉልበት ነው፣ የስንት ዓመት ምህረት ነው። ፎቶ ያነሣል፣ ይሄዳል።” ቀጥለው ሳቁ። “እኔ ሚስቴን ያገኘኋት ፉርጎ ውስጥ ነው። ያን እንድነግረው የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም።”

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የእሳቸው ነው። ሁለት ሰዓት ግን ፈጅቷል። በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ ስለ አንድም ማሽን አልተነጋገርንም። እናም ሂሴን ከመጀመሪያው ማስተካከል ግድ ሆነብኝ። ጉብኝቱን የጻፈው አስጎብኚው ብቻ አይደለም፤ ጎብኚውም ጽፎታል። እኔም ኮሌጅ ሳለሁ አክስቴን የዘለልኳት፣ ጣቢያውም ውስጥ ስለ ተሳፋሪ ያልጠየቅሁት እኔው ነኝ። መጠየቅ ተምሬ ዲፕሎማ የያዝኩ ሰው!

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። ከቶርኖው አጠገብ አንድ ቦንዳ ይቀመጥ። የሽማግሌዎቹና የአሮጊቶቹ ድምፅ አሁን፣ በሕይወት ሳሉ፣ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ በሐረሪም፣ በዚያች በተሰባበረች ፈረንሳይኛቸውም ይቀዳ፤ ቶርኖው ሃምሳ ዓመት ይጠብቀናል፣ እነሱ አይጠብቁንም። የአዋሹ ቀን በግድግዳው ላይ ይጻፍ። ጉብኝቱም ከዚራ ጀምሮ ደቻቱን ይሻገርና ቀፊራ ላይ ይለቅ። የአዲስ አበባውንም ቀላል ባቡር አንርሳ። ዛሬ ጠዋት ዘንቢል አቅፋ የቆመችው ሴት፣ በመስኮቱ ተደግፎ ለፈተና የሚያጠናው ተማሪ፣ ነገ ሙዚየም ሲሠራ በውሉና በባቡሩ ሞዴል እንዳይጋረዱ ከአሁኑ ማሰብ ይሻላል።

ከድሬ ከመመለሴ በፊት አክስቴን ጣቢያውን ላሳይሽ አልኳት። እምቢ አለች፤ ጉልበቷን አሳበበች፤ ሙቀቱን አሳበበች። ከሰዓት በኋላ ግን ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። ባጃጅ ይዘን ደቻቱን ተሻገርን። ጣቢያው ፊት ስንደርስ ወረደች፣ ቀና ብላ ጽሑፉን አየችው፣ ከዚያ በግራና በቀኝ ተመለከተችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ፦

“አሁን ፊናንስ የለም አይደል?”